ከባሕር ዳር ሻጋታ የተገኘ መድኃኒት

ሻጋታ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የከረመ እንጀራና የተረሳ ዳቦ ነው። አንድ ነገር «ሻገተ» ከተባለ አበቃለት፣ ከደጅ ይጣል ማለት ነው። ነገር ግን በየሆስፒታሉ በመርፌም በእንክብልም ከሚሰጡት ታላላቅ መድኃኒቶች ውስጥ በርከት ያሉት የሻጋታ ልጆች ናቸው። ፔኒሲሊንን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ የፍሌሚንግንም ስም እናውቃለን። ስለ ፔኒሲሊን የቅርብ ዘመድ ስለ ሴፋሎስፖሪን ግን ማን አገኘው፣ የት አገኘው ብንባል ከመካከላችን የሚመልስ ስንት ነው? ሴፍትራያክሶን የሚባለውን መርፌ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ የትውልድ ቦታው ከባሕር ዳር፣ ያውም ከከተማ ቆሻሻ ማፍሰሻ አፍ አጠገብ መሆኑን የሚያውቅ ብዙ የለም።

በዚህ ጽሑፋችን ያንን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ እንሞክራለን። ለእኛ ለእጩ መምህራን ሁለት ጥቅም ያለው መስሎ ታይቶናል። አንደኛ፣ የሳይንስ ጥያቄ ከምን እንደሚነሣ ያሳየናል። ሁለተኛ ደግሞ ያን ያህል ተደክሞበት የተገኘው መድኃኒት ዛሬ በእጃችን ላይ እየደከመ ነውና፣ ነገ በየወረዳው ስንበተን ለተማሪዎቻችንና ለወላጆቻቸው የምንናገረው ቁም ነገር ይኖረናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሻጋታ መድኃኒት የሚሠራው ለማን ነው?

ሻጋታ የፈንገስ ወገን ነው። ፈንገስ እንደ ተክል ምግቡን በፀሐይ ብርሃን አያዘጋጅም፤ እንደ እንስሳም አፍና ሆድ የለውም። ካረፈበት ነገር ላይ ኢንዛይም ያፈስና ምግቡን ከውጭ አሟሙቶ ይመጠዋል። በሌላ አነጋገር ማዕዱን የሚዘረጋው በአደባባይ ነው። ታዲያ በአደባባይ የተዘረጋ ማዕድ ያልተጠራ እንግዳ አያጣምና ባክቴሪያዎች ይሻሙታል። አንዳንድ ፈንገሶች እነዚህን ተሻሚዎች የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚያደርግ ውሑድ ይሠራሉ። አንቲባዮቲክ የምንለው ይህንን ነው። እንግዲህ ሻጋታው ለእኛ ብሎ የሠራው አይደለም፤ የእርሱን የጦር መሣሪያ ነው የተዋስነው።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ ይህን ነገር በአንድ የመስታወት ሰሃን ላይ አየ። ሃዋርድ ፍሎሪና ኤርንስት ቼይን ከጓደኞቻቸው ጋር ኦክስፎርድ ላይ ፔኒሲሊንን አጣርተው በ1940 በአይጦች ላይ ሞከሩትና መፈወሱን አረጋገጡ። ሦስቱም በ1945 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ይሁንና ፔኒሲሊን ሁሉን ቻይ አልነበረም። መግል የሚያስቋጥሩትን ባክቴሪያዎች አንበረከከ እንጂ፣ የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለማሸነፍ አልበቃም። የዚህ ባክቴሪያ ገላ ከግድግዳው ውጭ ሌላ ተጨማሪ ሽፋን ስላለው የዚያን ጊዜው ፔኒሲሊን በቀላሉ አያልፈውም ነበር። የእኛ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የካልያሪው ጥያቄ

ሰርዲኒያ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ያለች የኢጣልያ ደሴት ናት። ዋና ከተማዋ ካልያሪ ይባላል። በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮጳ ላይ ገና ማብቃቱ ነበር። ድህነት አለ፣ ታይፎይድ አለ። ጁሴፔ ብሮትሱ የተባሉት ሰው በካልያሪ ዩኒቨርሲቲ የጤና አጠባበቅ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ። የተወለዱት በ1895 እዚያው ሰርዲኒያ ውስጥ ነው።

የካልያሪ ቆሻሻ ውሃ ሱ ሲኩ በሚባል ሥፍራ እንዳለ ወደ ባሕር ይፈስ ነበር። ታይፎይድ ደግሞ የሚተላለፈው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰዎች በዚያ አካባቢ ይዋኛሉ። እንደ ሂሳቡ ቢሆን ኖሮ ከዋናተኞቹ ብዙዎቹ በበሽታው መውደቅ ነበረባቸው። አልወደቁም! የተጠበቀውን ያህል በሽታ በዚያ ሥፍራ አልታየም።

እንዲህ ያለውን ነገር ስንቱ ሰው አይቶት ያልፋል? «ዕድላቸው ነው» ሊባል ይችላል፤ «ለምደውት ነው»ም ሊባል ይችላል። ብሮትሱ ግን ጥያቄውን ገለበጡት። ሐኪም ዘወትር የሚጠይቀው «ይኼ ሰው ለምን ታመመ?» ብሎ ነው። እርሳቸው «እነዚህ ሰዎች ለምን አልታመሙም?» ብለው ጠየቁ። የፔኒሲሊን ወሬ በዚያን ጊዜ ዓለምን አዳርሶ ነበርና፣ ምናልባት በዚህ ውሃ ውስጥ የታይፎይድን ባክቴሪያ የሚያጠፋ አንድ ሌላ ረቂቅ ፍጥረት ይኖራል የሚል ግምት ያዙ።

ግምት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መፈተን አለበት። ብሮትሱ ከማፍሰሻው አፍ አካባቢ የባሕር ውሃ ቀዱና በውስጡ ያሉትን ረቂቅ ፍጥረታት በቤተ ሙከራ ማሳደግ ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል ሴፋሎስፖሪየም አክሪሞኒየም የሚባለውን ፈንገስ ለይተው አወጡ። ፈንገሱ ያደገበት ፈሳሽ በባክቴሪያዎች ላይ ሲሞከር የመግሉን ስታፊሎኮከስ ብቻ ሳይሆን የታይፎይድንና የኮሌራን ባክቴሪያ ጭምር እድገታቸውን ገታ። ፔኒሲሊን ያልደፈረውን በር ያንኳኳ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ብሮትሱ ያልጠራውን ውሑድ በበሽተኞችም ላይ ሞከሩት፤ እባጭ ላይ ወጉት፣ ለታይፎይድ በሽተኞችም ሰጡት። መሻሻልም አዩ። ዛሬ ቢሆን በእንስሳት ላይ ብዙ ጥናት ሳይደረግ፣ የሚመለከተው አካልም ሳይፈቅድ እንዲህ ያለ ሙከራ በሰው ላይ አይደረግም፤ ዘመኑ ሌላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ግን አቅም አነሳቸው። ውሑዱን አጣርቶ ለማውጣት ብዙ ገንዘብ፣ ትልልቅ መሣሪያና የኬሚስትሪ ሊቃውንት ያስፈልጋሉ፤ ከጦርነት በወጣች ደሴት ላይ ይህ ከየት ይመጣል? ብሮትሱ ያገኙትን በ1948 በካልያሪ የጤና አጠባበቅ ተቋም ኅትመት ላይ በኢጣልያንኛ ጽፈው አወጡ። የተሻለ አቅም ያላቸው ሥራውን ቢቀጥሉበት የሚል ተስፋቸውንም ገለጡ። ኅትመቱን የሚያነበው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ደግነቱ ሰርዲኒያ ውስጥ ያገለገለ አንድ እንግሊዛዊ የጤና ሹም ያውቁ ነበርና በእርሱ በኩል ወሬው ኦክስፎርድ ፍሎሪ ዘንድ ደረሰ። በዚያው በ1948 ፈንገሱ ራሱ ወደ ኦክስፎርድ ተላከ።

ከኦክስፎርድ እስከ ሆስፒታል

ፈንገሱ ኦክስፎርድ ስለ ደረሰ ነገሩ በአንድ ጀምበር ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ሥራውን የያዙት ኤድዋርድ ኤብራሃምና ጋይ ኒውተን ናቸው፤ ይኼ ኒውተን የስበትን ሕግ ካገኘው ጋር ስመ ሞክሼ ነው እንጂ ዘመናቸው አይገናኝም።

መጀመሪያ አንድ ውሑድ ተገኘና ሴፋሎስፖሪን ፒ ተባለ። ሲሞከር ግን የብሮትሱን ወሬ የሚመስል አልሆነም፤ በታይፎይድ ዓይነቶቹ ባክቴሪያዎች ላይ አይሠራም። ፍለጋው ቀጠለ። ሁለተኛው ሴፋሎስፖሪን ኤን ተባለ። ይኼኛው የታይፎይድን ባክቴሪያ ይገታል፤ ብሮትሱ ያዩትም የዚህኑ ሥራ ኖሯል። ሆኖም ተመርምሮ ሲታይ ሴፋሎስፖሪንም አልነበረም፤ ራሱ የፔኒሲሊን አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሰው ቢሆን «እንግዲህ ታወቀ» ብሎ ዘግቶ ይነሣ ነበር። ኤብራሃምና ኒውተን ግን በ1953 ሁለተኛውን ውሑድ በማጣራት ላይ ሳሉ በጣም ጥቂት የሆነ ሌላ ሦስተኛ ውሑድ አብሮት ተደብቆ አገኙ። ይኸው ሴፋሎስፖሪን ሲ ነው። በጉልበቱ ደካማ ነበር፤ ከፔኒሲሊን ጋር ቢመዘን እጅግ ያንሳል። ታዲያ ለምን ትኩረት ሰጡት? ምክንያቱ የሚከተለው ነው።

በዚያን ጊዜ በየሆስፒታሉ ፔኒሲሊንን የማይፈራ ስታፊሎኮከስ እየበዛ ሄዶ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያወጣና ፔኒሲሊኑን ይሰብረዋል። ያንን ኢንዛይም በሴፋሎስፖሪን ሲ ላይ ሲሞክሩት ግን ሊሰብረው አልቻለም። ከዚህም በላይ መርዝነቱ አነስተኛ ነበር። ጉልበት የሌለው፣ ግን የማይሰበር መሣሪያ ተገኘ ማለት ነው። ጉልበቱን ደግሞ በኬሚስትሪ ሊጨምሩለት ይችላሉ።

ቀጥሎ ሁለት ችግር መጣ። አንደኛው ምርቱ ማነሱ ነው፤ ፈንገሱ የሚሰጠው ኢምንት ነበር። ተመራማሪዎች ከዚያው ፈንገስ የተሻለ ምርት የሚሰጥ ዝርያ እየመረጡ አባዙ። ገበሬ ከአዝመራው የተሻለውን ዛላ ለዘር እንደሚያስቀር ማለት ነው። ሁለተኛው የሞለኪውሉን ቅርጽ ማወቅ ነው። ኤብራሃምና ኒውተን በኬሚስትሪ መንገድ፣ ዶሮቲ ሆጅኪን ደግሞ ከባልደረባዋ ጋር በራጅ ጨረር ክሪስታሉን እያጠናች በ1961 ቅርጹን አረጋገጡ። ሆጅኪን በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘች ሴት ሳይንቲስት ናት።

ቅርጹ ከታወቀ በኋላ ኬሚስቶች መሐሉን ሳይነኩ ጎኑን እየቀያየሩ አዳዲስ መድኃኒቶችን መሥራት ያዙ። ማረሻው አንድ ሆኖ ሞፈርና ቀንበሩን እንደ መሬቱና እንደ በሬው እንደመለዋወጥ ያለ ነው። የሥራውን አካሄድ በአጭሩ ብናስቀምጠው ይህን ይመስላል፦

1945፦ ናሙናው ከባሕር ተቀዳ።
1948፦ ብሮትሱ ጽሑፋቸውን አወጡ፤ ፈንገሱ ኦክስፎርድ ደረሰ።
1953፦ ሴፋሎስፖሪን ሲ ተገኘ።
1961፦ የሞለኪውሉ ቅርጽ ታወቀ።
1964፦ ሴፋሎቲን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት ለሕክምና ቀረበ።

ከናሙናው እስከ መርፌው 19 ዓመት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በአፍ የሚዋጠው ሴፋሌክሲን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ሴፍትራያክሶን ተከተሉ። ሴፍትራያክሶን የማጅራት ገትርን፣ የሳንባ ምችን፣ ጨብጥንና ሌሎችንም ከባድ በሽታዎች ለማከም ያገለግላል፤ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል። የብሮትሱ ጠላት የነበረውን ታይፎይድንም ያክማል። ብሮትሱ ያረፉት በ1976 ነው፤ ከዚያ ቆሻሻ ውሃ የተቀዳው ፈንገስ ለዓለም የሰጠውን የመድኃኒት ቤተሰብ አይተው ነው የሞቱት።

መድኃኒቱ እንዴት ይገድላል?

ይህን ለክፍል ተማሪዎች ለማስረዳት የጭቃ ቤት ምሳሌ ይጠቅመናል። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ ከዚያ ማገሩ አግድም እየተያያዘ ከቋሚው ጋር ይታሰራል። ማገር ያልታሰረለት ግድግዳ ጭቃ ቢመረግበት ምን ይሆናል? ይናዳል።

የባክቴሪያም ግድግዳ እንዲሁ ነው። ረጃጅም ሰንሰለቶች አሉ፤ በእነርሱ መካከል ደግሞ እንደ ማገር የሚያስተሳስሩ አጫጭር ድልድዮች አሉ። ማገሩን የሚያስሩት የባክቴሪያው ኢንዛይሞች ናቸው። ፔኒሲሊንም ሴፋሎስፖሪንም በእነዚህ ኢንዛይሞች ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ የአሳሪውን እጅ ያስራሉ ማለት ነው። ባክቴሪያው ግን ማደጉን አይተውም፤ ለማደግ ሲል አሮጌውን ግድግዳ እየፈታ አዲሱን ሳያስር ይቀጥላል። በመጨረሻ ከውጭ የሚገባው ውሃ ይወጥረውና ይፈነዳል።

የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን እየገደለ በሽተኛውን የማይገድለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን ለማንም፣ በማንኛውም ጊዜ ይሰጥ ማለት አይደለም። ሰውነታቸው የማይቀበለውና ብርቱ አደጋ ላይ የሚወድቁ ሰዎች አሉና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

የሁለቱ መድኃኒቶች የጋራ መሣሪያ አራት ማዕዘን ያለው ትንሽ ቀለበት ነው። በፔኒሲሊን ላይ ይህ ቀለበት ባለ አምስት ማዕዘን ከሆነ ሌላ ቀለበት ጋር ተያይዟል፤ በሴፋሎስፖሪን ላይ ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ከሆነ ጋር ነው። ትንሿ ልዩነት ናት ያንን የስታፊሎኮከስ ኢንዛይም ያስቸገረችው።

ባሕሩ አሁንም ይፈተሻል

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። የብሮትሱ ፈንገስ፣ በኋላ ሊቃውንት አክሪሞኒየም ክሪሶጄነም ያሉት፣ ከባሕር ይቀዳ እንጂ ወገኖቹ በየብስ አፈር ላይም ይኖራሉ። ከመሬት በቆሻሻው ውሃ ታጥቦ ገብቶ ይሆናል። ያም ሆኖ ብዙ ሳይንቲስቶች ዓይናቸውን ወደ ባሕር እንዲጥሉ ያደረገ አብነት ሆኗል። ከምድራችን ገጽ 71 በመቶ ያህሉ በባሕር የተሸፈነ ነው። በዚያ ጨው፣ በዚያ ግፊትና ጨለማ የሚኖር ፈንገስ የየብሱ የማያውቀውን ውሑድ ሊሠራ ይችላል የሚል ተስፋ አለ።

የዛሬው ፍለጋ እንዲህ ይካሄዳል። ጠላቂ ወይም መርከብ ከባሕሩ ወለል ደለል፣ ከስፖንጅ፣ ከአልጌ፣ በባሕር ዳር ከሚበቅሉ የማንግሮቭ ዛፎችና በውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ግንድ ናሙና ይሰበስባል። ፈንገሱ ለብቻው ተለይቶ በባሕር ውሃ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይበቅላል። ከእርሱ የወጣው ፈሳሽ ወረቀት ላይ ጠብ ይደረግና ባክቴሪያ በተዘራበት ሰሃን ላይ ይቀመጣል። በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ከታየ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ውሑዱ ተጣርቶ ይወጣል፤ ቀድሞ ከታወቁት አንዱ አለመሆኑም ይመረመራል። አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ የታወቀ ሆኖ ይገኛል፣ ወይ ደግሞ ሰውንም የሚመርዝ ይሆናል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ፈንገስ ምግብ ጠግቦ፣ ጠላት ሳይኖርበት ለብቻው ሲኖር ብዙ ጊዜ መሣሪያውን አይሠራም። ለምን ይሠራል? ስለዚህ ተመራማሪዎች ጠላቱን አብረው ማሳደግ ጀመሩ። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ደኅና ምሳሌ ነው። በባሃማ ደሴቶች ከቡናማ አልጌ ላይ የተገኘ ፔስታሎሺያ የሚባል የባሕር ፈንገስ ለብቻው ሲያድግ የማይሠራውን ውሑድ፣ የባሕር ባክቴሪያ ሲቀላቀልበት ሠርቶ ተገኘ። ውሑዱ ፔስታሎን ተባለ። ብዙ መድኃኒት የማይበግረውን ስታፊሎኮከስ በጣም በትንሽ መጠን እንደሚገታ ተዘገበና ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች ውሑዱን አዘጋጅተው ደግመው ሲሞክሩት ግን ጉልበቱ ቀድሞ ከተባለው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለሳይንስ ውርደት ነው? አይደለም። አንዱ ያለውን ሌላው ደግሞ መፈተኑ ራሱ ሳይንስ ነው። ፔስታሎን መድኃኒት ባይሆንም፣ ፈንገስን ከጠላቱ ጋር የማሳደግ ዘዴ ግን ለሌሎች ትምህርት ሆኖ ቀርቷል።

መሣሪያው እየደነዘ ነው

ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ላይ አስጠንቅቀው ነበር። ፔኒሲሊንን ከሚበቃው መጠን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን ሳይገድል መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያስተምረዋል አሉ። የሆነውም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ትውልድ ይፈራረቅበታል። ከብዙዎቹ መካከል በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋም አንድ ይኖራል። መድኃኒቱ ደካሞቹን ጠራርጎ ብርቱውን ካስቀረ፣ ሜዳው የዚያ የብርቱው ይሆናል። ከዚህም ብሶ አንዱ ባክቴሪያ የመቋቋሚያውን ጂን ለሌላው ያቀብላል።

ዛሬ ሴፍትራያክሶንን ሳይቀር የሚሰብሩ ኢንዛይሞች በዓለም ተሠራጭተዋል። በ2016 በፓኪስታን፣ በሲንድ ክፍለ ሀገር፣ ሃይደራባድ ከተማ የተነሣው ታይፎይድ ሴፍትራያክሶንን ጨምሮ አብዛኛውን የተለመደ መድኃኒት የሚቋቋም ነበር። እስቲ ነገሩን አስቡት። ብሮትሱ ታይፎይድን አሸንፋለሁ ብለው ከባሕር የቀዱት ፈንገስ ያስገኘውን መድኃኒት፣ ከ71 ዓመት በኋላ ያው የታይፎይድ ባክቴሪያ አሸነፈው። በ2019 ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሕዝብ በዓለም ደረጃ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

አዲስ መድኃኒት ለማግኘት ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ ከላይ አይተናል። ያለውን ለማበላሸት ግን ያን ያህል አይፈጅም። በየሠፈራችን የምናየውን እንናገር፦ «ሁለት ፍሬ ስጠኝ» ተብሎ ካፕሱል በችርቻሮ ይገዛል፤ ትኩሳቱ በረድ ሲል የተረፈው ኪኒን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቆይቶ ጎረቤት ሲታመም «ይኼ እኔን አድኖኛል» ተብሎ ይሰጣል፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ደግሞ አንቲባዮቲክ ይዋጥለታል። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እኮ ነው፤ ቫይረስ ግድግዳም ማገርም የለውም፤ ታዲያ መድኃኒቱ ምኑን ያፈርሳል? እንዲህ የሚያደርጉት እናቶችና አባቶች ለልጆቻቸው ክፉ አስበው አይደለም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም ያጥራል፣ ደግሞም ማንም ምክንያቱን ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም። ማስረዳቱ የማን ሥራ ነው? አንዱ ክፍል የእኛ የመምህራን ነው ብለን እናምናለን።

በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤትም ይህን ርእስ በተግባር ማስተማር ይቻላል። የሚያስፈልገው ክዳን ያላቸው ሦስት የመስታወት ማሰሮዎችና ጥቂት ዳቦ ወይም እንጀራ ነው።

1. በመጀመሪያው ማሰሮ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ቁራሽ፣ በሁለተኛው ውሃ ጠብ የተደረገበት ቁራሽ፣ በሦስተኛው ውሃም ብዙ ጨውም የተጨመረበት ቁራሽ ይገባል።
2. ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል፤ በማሸጊያ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም።
3. ተማሪዎች አስቀድመው የትኛው መጀመሪያ እንደሚሻግት ግምታቸውን ከነምክንያቱ ይጻፉ። ይህ እንዳይዘለል!
4. ለ10 ቀን በየቀኑ ከውጭ እያዩ ቀለሙንና ስፋቱን በሠንጠረዥ ይመዝግቡ።
5. በመጨረሻ መምህሩ ማሰሮዎቹን ሳይከፍት ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ይቅበራቸው።

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ትምህርት በኋላ «ሻጋታ መድኃኒት ነው» ብሎ የሻገተ ነገር የሚበላ ወይም ቁስል ላይ የሚያደርግ ተማሪ እንዳይኖር ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ። መድኃኒት የሚሆነው ከብዙ ሺህ አንዱ፣ ያውም ተጣርቶና ተለክቶ ነው። በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንድ የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። የሻገተ እህል ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ለምን ታመሙ?» እና «ለምን አልታመሙም?» በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በአካባቢያችሁ በሁለተኛው መንገድ ሊጠየቅ የሚችል አንድ ነገር ጥቀሱ።
2. ሴፋሎስፖሪን ሲ ከፔኒሲሊን ደካማ ሆኖ ሳለ ኤብራሃምና ኒውተን ያልጣሉት ለምንድን ነው?
3. ብሮትሱ ሥራቸውን ባያሳትሙና ፈንገሱን ባይልኩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዕውቀትን ስለማካፈል ምን ያስተምረናል?
4. አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ «እናቴ የተረፈውን ኪኒን ለእህቴ ሰጠቻት» ቢላችሁ፣ እናቱን ሳታሳፍሩ ምን ታደርጋላችሁ?

በተለይ አራተኛው ጥያቄ መጽሐፍ ውስጥ መልሱ አይገኝም። ሐሳባችሁን በአጭሩ ጽፋችሁ በዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ብትጨምሩልን፣ የተሻሉትን መልሶች በሚቀጥለው እትም ከነማብራሪያቸው እናወጣቸዋለን።